የሺ አፏን የፈታች ዕለት

ባለፈው ሰኔ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ዝናብ አሯሩጦ አንድ የቆርቆሮ ጥላ ስር አስገባን፤ እኔን፣ ሁለት ተማሪዎችን፣ ዶሮ የታቀፈች ሴትንና የበግ ጠጉር ባና የደረቡ አንድ ሽማግሌን። ባናው ርሷል። የረጠበ የመንዝ ባና ሽታ የማያውቅ ካለ እንዲህ ላስረዳው፤ አንድ ሙክት ዝናብ ሲመታው አድሮ፣ ጠዋት ምድጃ ዳር ጋደም ብሎ፣ ከዚያ ተነሥቶ የቤቱን ሰው አንድ በአንድ እያቀፈ ሲስም የሚሸተው ሽታ ነው። ተማሪዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ፈቀቅ አሉ። እኔ ወደ ሽማግሌው ተጠጋሁ። «ምነው ልጄ፣ በረደህ?» አሉኝ። ጥርሴ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው «ልጄ» መባሌ ደስ ብሎኝ «አዎ አባቴ» አልኩና፣ እዚያው እንደ ቆምኩ በሐሳብ የመንዟ መሐል ሜዳ ገባሁ። አውቶቡስም አላስፈለገኝም።

ጊዜው የደርግ ነበር። በየትኛው ዓመት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ዓመተ ምሕረት እጄ ላይ አይቆይም። የማስታውሰው ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ የሚወሰድበት፣ ሻይ አሥር ሳንቲም የነበረበት፣ አለቃውም ዘበኛውም አንድ ዓይነት ካኪ ለብሰው የትኛው የትኛውን እንደሚጠብቅ ለመለየት የሚያስቸግርበት ጊዜ እንደነበር ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ፈተናውም እኔን ጨርሶኝ፣ ከታችኛው ሻይ ቤት እስከ ላይኛው ሻይ ቤት ስመላለስ የምውል ጎረምሳ ነበርኩ። ሱሪዬ ከጉልበት በታች ከመስፋቱ የተነሣ በአንዱ እግሩ ውስጥ ገበሬ ከነበሬው ዝናብ ያሳልፍበት ነበር። ለውትድርና ሲመለምሉ ግራ ዓይኔ ደካማ ነው ብለው መለሱኝ። «ለጦር አትሆንም» አሉኝ። ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠርቶኝ «ለሕፃናት ግን ትሆናለህ» አለኝ። ሰውዬው ከሁለቱ የትኛው ጦርነት እንደሚብስ አያውቅም ነበር።

የተመደብኩበት መዋዕለ ሕፃናት ድሮ የአንድ ባላባት እህል የሚከማችበት አዳራሽ ነበር። ገብሱ ወጣና ልጆቹ ገቡበት። ወለሉ ላይ የበግ አጎዛ ተነጥፏል፤ ግድግዳው ላይ ከላይ የተላከ ቀይ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ልጆቹ በመዝገብ አርባ፣ በጩኸት አራት ሺህ ናቸው። በጓሮ በኩል እማማ ደብሪቱ የሚባሉ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ወሬ ከእህል የሚበልጥባቸው ባልቴት ገንፎና ንፍሮ ያበስላሉ። የእኔ ሥራ ልጆቹን ማናገር ነበር። ለማስተማሪያ የሥዕል ካርቶን ተልኮልናል። ሙዝ ሳሳያቸው በአንድ ድምፅ «የበግ ቀንድ!» ይሉኛል። ባቡር ሳሳያቸው «ብዙ በር ያለው ቤት» ይላሉ። ሙዝ ከየት አይተው? በጉን ብጠይቃቸው ግን ግልገሉን፣ ጠቦቱን፣ ሙክቱን፣ አውራውን፣ የማትወልደውን መሲና ለይተው፣ የማን እንደሆነች፣ ማን እንደ ሰረቃትም ጭምር ይነግሩኛል። ልጅ ቃልን ከካርቶን አይለቅምም፤ ከእናቱ ጉልበት ስር ነው የሚለቅመው። ይህን ያስተማረኝ ማንም ምሁር አይደለም፤ ሙዝ ቀንድ ሲሆን አይቼ ነው።

ቀበሌው ደግሞ ልጆቹ መፈክር እንዲለምዱ ይፈልጋል። «ረ»ን «ለ» የሚሉ፣ ንፍጣቸውን በእጅጌያቸው የሚጠርጉ ልጆች ተሰልፈው «ኢምፔሊያሊዝም ይውደም!» ይሉልኛል። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩና ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ጋሼ፣ ይቺ የምትራገሟት ሴትዮ የእኛ ሰፈር ናት?» አሉኝ። ዛሬ የልጅ ልጄ በስልክ ውስጥ ካለ ድመት ጋር እያወራች በሦስት ዓመቷ የማላውቃቸውን አገሮች ቋንቋ ትቀላቅልብኛለች፤ «አያ፣ አልገባህም እኮ!» ትለኛለች። እኔስ መቼ ገብቶኝ ያውቃል።

ከአርባዎቹ አንዷ የሺ ነበረች። አራት ዓመቷ እየተቃረበ አንድም ቃል አልወጣትም። ደንቆሮ አይደለችም፤ ቤት ውስጥ ቆሎ ሲንኮሻኮሽ ከጓሮ ሮጣ ትመጣለች። ዓይኖቿ ሰው ሲናገር ከንፈር ከንፈሩን ያያሉ። አባቷ ሸዋንግዛው የታወቀ ባና ሠሪ ነበር። የሠራው ባና ዝናብ አያሳልፍም፣ ብርድ አያሳልፍም፤ «እዳ ጠያቂ እንኳ አያሳልፍም» እያልኩ እቀልድበት ነበር። ልጅቷ ገና ዳዴ ስትል ለዘመቻ ተወሰደና ከሰሜን ደብዳቤው አልፎ አልፎ ይመጣል። እናቷ አስካለ የመርሐቤቴ ልጅ ናት፤ ከዓለም ከተማ አካባቢ ተድራ የመጣች፣ ቀጭን፣ ቀልድ አዋቂ። ቀኑን ሙሉ የሰው የበግ ጠጉር ስትፈትል ውላ ማታ ማታ ልጇን ልትወስድ ትመጣለች። ልጅቷን ባሏ በሠራው ጥቁር ባና ታዝላታለች፤ ከማዘሏ በፊት ግን ሁልጊዜ የባናውን ጫፍ እፊቷ ይዛ ትጠይቃታለች።

«ይህን ማን ሠራው?»

የሺ ዝም።

«አባባ! በይ እስኪ፤ አ-ባ-ባ!»

የሺ ዝም። አስካለ ባናውን ጠበቅ አድርጋ ታስርና «ግድ የለም፣ ነገ ትነግሪኛለሽ» ትላለች።

«እትዬ አስካለ፣ ይቺ ልጅ ለቀበሌ ስብሰባ የተፈጠረች ናት፤ መቃወም የለ፣ መደገፍ የለ» እላታለሁ።

ትስቅና ወዲያው ፊቷ ይለወጣል። «አንተ ቀልድ። የየሺ አባት የሄደ ጊዜ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ስመጣ በሯ ላይ ቆማ አባባ ብላ ትጥራኝ› ነው ያለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም። ይህችን አንዲት ቃል አውጣልኝ።»

ባሏን በስሙ አትጠራውም፤ ያገራችን ሴት የባሏን ስም በአፏ አታነሣም፣ ነውር ነው። «የየሺ አባት» ነው የምትለው። ልጅቷ በቤቷ ውስጥ የአባቷን ስም ሰምታው አታውቅም።

እኔም የማላደርገው አልነበረም። እንደ በግ ጮህኩላት፣ እንደ ጓድ ሊቀመንበር ተናገርኩላት፣ እንቆቅልሽ ብያት መልሱን ራሴው መልሼ፣ እንደ ተሸነፈ ሰው አገር ሰጠኋት፤ መንዝን፣ ግሼን፣ መርሐቤቴን ሰጥቼ ጨርሼ ወሎ ገባሁ። በመዋዕለ ሕፃናቱ አንድ ሕግ ነበረን፤ አዲስ ቃል ለተናገረ ልጅ ሁላችን እናጨበጭባለን። የሺ ለሌሎቹ ስታጨበጭብ አንደኛ ናት። ከዚያ እጇን አጣጥፋ ከንፈራችንን ታያለች። ሰፈርተኛው የመሰለውን አደረገ፤ ጠበል ወሰዷት፣ ምላሷን አዩላት፣ «አባቷ ምላሷን ይዞት ሄዷል» ያለም አለ።

ግንቦት ሲያልቅ አንድ እግሩን አጥቶ የተመለሰ ወታደር ከአውቶቡስ ወረደ። በክራንቹ እየተንኳኳ ቀጥ ብሎ ወደ መምሬ ወልደ ሰንበት ቤት ሄደ፤ መምሬ የአስካለ ነፍስ አባት ናቸው። ሸዋንግዛው ሞቷል። ይኸው ነው የነገራቸው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው መከሩ። ሴት ልጅ ወገኗ ሳይቆምላት፣ ደግፎ የሚይዛት ወንድሟ ሳይመጣ መርዶ አይነገራትም፤ ይህ ደንብ ፍቅር አለበት። የአስካለ ወንድም ያለው መርሐቤቴ ነው። መልእክተኛ ሲላክ ክረምቱ ቀድሞ ገባና በመካከል ያለው የወንጪት ወንዝ ሞላ። «ወንዙ እስኪጎድል፣ ሁላችሁም አፋችሁን ያዙ» አሉ መምሬ። መሐል ሜዳም አፉን ያዘ። ከተማ ሙሉ ሰው አንዲት ሴትን ሲያታልል አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያውም በደግነት። ዳቦ ሻጯ አንድ ዳቦ ትጨምርላታለች፤ የቀበሌ ሱቁ ሰውዬ ወረፋ ያስቀድማታል። እኔም ቀልዴን ጨመርኩላት። አስካለ «ዘንድሮ ሰዉ ሁሉ ምን ነካው? ጻድቅ ሆነ እኮ» እያለች ትስቅ ነበር።

ነገር ግን የታመቀ ወሬ የሆነ ቦታ መተንፈሱ አይቀርም። ዘመኑ ግድግዳ ጆሮ አለው የሚባልበት ነበር፤ ሰው ከገዛ ልጁ ፊት እንኳ አይናገርም፤ ልጅ የሰማውን ይዞ ይሮጣላ። እማማ ደብሪቱ ጓሮ የሰፈሩ ሴቶች ሲሰበሰቡ መጀመሪያ ልጆቹን «ሂዱ፣ ተጫወቱ!» ብለው ያባርራሉ። የሺን ግን ማን ያባርራታል? ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ቆሎ እያጎረሷት ነው የሚያወሩት። «ይቺ እንደሆን አትናገር፤ የእኔ ምስኪን» ይላሉ ራሷን እየደባበሱ። የሟች ስም በተነሣ ቁጥር ነፍስ ይማር ማለት ደግሞ ለባልቴት እንደ መተንፈስ ነው። «ሸዋንግዛው፣ ነፍሱን ይማረው፣ እንዴት ያለ ባና ይሠራ ነበር!» «ሸዋንግዛው፣ ነፍሱን ይማረው፣ ይህችን አንዲት ልጅ ጥሎ...» እኔም ሰምቻለሁ። ከመካከላችን አንድም ሰው ልጅ ከመናገሩ በፊት ጎተራ መሆኑን አላሰበም። ዝም ሲል ባዶ ይመስለናል፤ እሱ ግን እየሞላ ነው።

ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ማታ፣ ሲያካፋ። ልጆቹ ተወስደው አልቀዋል፤ እማማ ደብሪቱም ሄደዋል። አስካለ ርሳ መጣች፤ ያ የባና ሽታ ከእሷ ጋር ገባ። የሺን አቆመቻትና የባናውን ጫፍ ያዘችላት።

«ይህን ማን ሠራው?»

«አባባ» አለች የሺ።

ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። አስካለ ተንበረከከች። እጇ ወደ አፏ ሄደ፤ እልልታው ከጉሮሮዋ ሲነሣ አየሁት። እኔ ዘልዬ ተነሥቻለሁ፤ ራሴን ከወጋግራው አጋጭቼው አልተሰማኝም። ልጅቷ ግን አልጨረሰችም ነበር። በእማማ ደብሪቱ ድምፅ፣ በእማማ ደብሪቱ አንገት አያያዝ፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ፣

«ሸዋንግዛው፣ ነፍሱን ይማረው» አለች።

እልልታው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። አስካለ ቀና ብላ አየችኝ። ልጅቷ ስሙን ከቤቷ እንዳልሰማችው ታውቃለች፤ ያንን ስም «ነፍሱን ይማረው» አስከትሎ የሚጠራ ሰው ስንት እንደሆነ ለማስላትም ጊዜ አልወሰደባትም። የቀረውን ፊቴ ነገራት። ትጮኻለች፣ ደረቷን ትመታለች፣ መሬት ትወድቃለች ብዬ ስጠብቅ አስካለ ወደ ልጇ ዞረች። የሺ ከንፈሯን እያየች ትጠብቃለች። ዕድሜዋን ሙሉ ለሌሎች ያጨበጨበች ልጅ ተራዋ ደርሷል።

አስካለ አጨበጨበች። «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ተናገርሽልኝ!» መዳፎቿ ሲገጥሙ ድምፅ አልነበራቸውም።

የሺ ደስ አላት። ደግማ አለችው። አስካለ ደግማ አጨበጨበችላት። ከዚያ አቀፈቻትና «እኔስ ማነኝ? እማዬ በይ» አለቻት። «እማዬ» አለች የሺ፣ ሲጠራቀምላት ከኖረው ቃል እንደ መረጠች ሁሉ። አስካለ ልጇን አዘለች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ሰምተሃል?» አለችኝ።

«እትዬ አስካለ...»

«አልሰማህም። እኔም አልሰማሁም። ለእናቷ የአባቷን መርዶ ያረዳች ልጅ ሊሏት ነው። ገፊ፣ አባቷን የበላች ይሏታል። አድጋ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ይጠቋቆሙባታል፤ የሚያገባት አይኖርም። አፏን የፈታችው በዚህ አይደለም። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«መቼ ሊነግሩኝ ነው ያሰቡት?»

«ወንድምሽ ሲመጣ። ወንጪት ሲጎድል።»

«እንግዲያው ይጉደል» አለችና ካፊያው ውስጥ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ የተጀመረውን ሥራ በየትኛውም መዋዕለ ሕፃናት ያስተማረ የለም። ቃል ማስተማር ቀላል ነው፤ ቃል ማስረሳት ነው ጉዱ። ያችን ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው ሳይሰማት መቅበር ነበረብን። አትናገሪ ብንላት እንደገና አፏ ይዘጋል፤ ዝም ብለን ብንተዋት ተጨበጨበልኝ ብላ አደባባይ ይዛት ትወጣለች። ስለዚህ ቃል እንከምርባት ጀመር። እናቷ ማታና ጠዋት፣ እኔ ቀኑን ሙሉ፣ ያለንን ሁሉ አፈሰስንባት፤ እንዝርት፣ ሙቀጫ፣ ጉም፣ ውርጭ፣ አጥር፣ ቀበሮ፣ ጆሮ፣ ጉልበት፣ ሊቀመንበር። ሙዝ እንኳ አስተማርኳት፤ በመሐል ሜዳ ታሪክ ሙዝን ቀንድ ያላለች የመጀመሪያ ልጅ ናት። «አባባ ሸ...» ማለት ስትጀምር አስካለ ቀድማ «አባባ ምን ሠራ?» ትላለች፤ «ባና!» ትላለች የሺ፤ እናጨበጭባለን። በየቀኑ አንድ ቃል ስትጨምር ያቺ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ወደ ታች ትወርዳለች። በመጨረሻ አስካለ ከላይ መክደኛ አበጀችላት። አንድ ጠዋት የሺ በሩ ላይ ቆማ ለእማማ ደብሪቱ «አባባ ይመጣል!» ስትል ሰማሁ። ማን እንዳስተማራት መጠየቅ አላስፈለገኝም። እማማ ደብሪቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወደ ጓሮ ሮጡ። «አየህ፣ እናትየዋ ምንም አልጠረጠረችም፤ ልጅቷን ምን ብላ እንዳስተማረቻት ሰማህ?» አሉኝ እያለቀሱ።

ሰዉ ሁሉ አስካለን ያታልላል፤ አስካለ ሰዉን ሁሉ ታታልላለች። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ወጥታ «ደብዳቤ የለም?» ትላለች፤ ሾፌሩ መሪው ላይ አቀርቅሮ «የሚቀጥለው ላይ ይሆናል እትዬ» ይላታል። ጠጉሯን ተሠራች። በዕንቁጣጣሽ የባሏን ድርሻ ለብቻ አስቀመጠች፤ ጎረቤት አይቶ በየጓዳው አለቀሰ። መምሬ ወልደ ሰንበት አንድ ቀን መንገድ ላይ ይዘውኝ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ የዘንድሮው ምሥጢር ተጠበቀልን» አሉኝ። ያን ጊዜ ሁሉ አስካለን ብቻዋን ስታለቅስ ያየኋት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ጠጉር ስትባዝት፣ ብናኙ ዓይኔ ገባ እያለች። እኔም ብናኙን ረገምኩላት። ያን ክረምት የቀለድኩትን ቀልድ ዕድሜዬን ሙሉ አልቀለድኩም፤ ሰው ይስቃል፣ እኔ እሷን አያለሁ፣ እሷ ከሁሉ በላይ ጮኻ ትስቃለች።

መስከረም ሲጋመስ ወንድሟ መጣ። መርዶው እንደ ደንቡ ሌሊቱ ሲነጋጋ ተነገረ። ስትጮኽ ከቤቷ እስከ ገበያው ተሰማ። «እንዴት ያለ ለቅሶ ነው! እንዲህ የሚያስለቅስ መርዶ አይተን አናውቅም» ተባለ። ገና ያን ሌሊት ያወቀች መስሏቸው ነው። ሕፃናት ከለቅሶ ቤት ስለሚወጡ የሺን አዝዬ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ወሰድኳት። አስካለ ስሙን ትጠራ ነበር፤ በሞት ጊዜ ይፈቀዳል። «ሸዋንግዛው! ሸዋንግዛው!» እያለች። የሺ ጀርባዬ ላይ ቀና ብላ አዳመጠች።

«ጋሼ፣ እማዬ አባባን እየጠራችው ነው» አለችኝ። «መጣ እንዴ?»

ያች ልጅ ያኔ ቃሏ ሁሉ ተሟልቶ ነበር። እኔ ነኝ የጎደለብኝ። ባናዋን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩና እርምጃዬን አፈጠንኩ።

አስካለ አላገባችም። ጠጉር እየፈተለች ልጇን አስተማረች። የሺ ዛሬ ራሷ መምህርት ናት፤ ስትናገር አፏ የማያርፍ፣ እኔን እንኳ የማታስጨርስ። አስካለ ያረፈችው ዓምና ነው። ለቅሶ ሄድኩ። ሰዉ ሲቀንስ የሺ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እናቴ ሁልጊዜ ‹መጀመሪያ ያወጣሽው ቃል እማዬ ነው› ትለኝ ነበር። ስትነግረኝ ግን ዓይኔን አታየኝም። እርስዎ ነበሩ፤ እውነት ነው?»

መንዝ ውስጥ እኔን የሚያምን ሰው የለም። ሱሪዬ ውስጥ ገበሬ ከነበሬው ስለማስጠለል ማን ያምነኛል?

«እማዬ ነው ያልሽው» አልኳት። «እንዲያውም ድምፅሽ ከመጉላቱ የተነሣ የመድኃኔዓለም ደወል ብቻውን ተደወለ፤ በጎቹ ሁሉ ማሰማሪያቸውን ትተው መጥተው በር ላይ ተሰለፉ።»

እንባዋ ሳይደርቅ ሣቀች። «ጋሼ ደግሞ! እርስዎ ማጋነን መቼም አይተዉም» አለች። ደወሉን ጣለችው፣ በጎቹን ጣለቻቸው፤ እማዬ የሚለውን ብቻ ለይታ አነሣችና ይዛው ወደ ሴቶቹ ተመለሰች።